እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ፦ የዶሮን የሕይወት ዑደት ለሕፃን ልጅ ለማስተማር ዝርዝር መመሪያ

የዶሮን የሕይወት ዑደት ለሕፃናት የምናስተምርበት የተለመደው መንገድ አራት ሥዕሎችን በክብ ደርድሮ በቀስት ማገናኘት ነው፤ እንቁላል፣ ጫጩት፣ ቄብ፣ ዶሮ። ልጁ ቅደም ተከተሉን በአንድ ቀን ይሸመድደዋል፤ ሲጠየቅም ሳይሳሳት ይመልሳል። ያንኑ ልጅ «ጫጩቷ የምትጀምረው ከየትኛው የእንቁላሉ ክፍል ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግን አብዛኛውን ጊዜ አስኳሉን ያሳያችኋል። ቢጫ ጫጩት ከቢጫ አስኳል ብትወጣ ለእርሱ ምን ያስደንቃል? ስህተቱ የልጁ አይደለም። ሥዕሉን ያየው ነገሩን ሳያይ ነው።

ዑደት ማለት ጊዜ ነው። ቀን ሲያልፍ ነገር ሲለወጥ በገዛ ዓይኑ ላላየ ልጅ ቀስት ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ይህ መመሪያ የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሳይሆን የሳምንታት ሥራ ነው፤ በቀን የሚጠይቀው ግን ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ነው። የታሰበው ከ4 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ክቡ ሥዕል የሚመጣው መጨረሻ ላይ ሲሆን የሚስለውም ልጁ ራሱ ነው።

1. ከማስረዳት በፊት መጠየቅ

ለልጁ ወረቀትና እርሳስ ስጡትና ባልተሰበረ እንቁላል ውስጥ አለ ብሎ የሚያስበውን እንዲስል ጠይቁት። አንዱ ልጅ ላባና እግር ያላትን ትንሽ ዶሮ ተኮራምታ ይስላል፤ ሌላው አስኳሉ ላይ ዓይን ያደርግበታል። አታርሙት። «ለምን እንዲህ ይመስልሃል?» ብላችሁ መልሱን አድምጡ፤ ቀኑን ጽፋችሁም ወረቀቱን አስቀምጡት። የምታስተምሩት ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ ይህ ወረቀት ነው። ሁለት ልጆች የተለያየ ነገር ከሳሉ የሚያስፈልጋቸውም ማስረጃ የተለያየ ነው።

ቃላትን አስቀድማችሁ አታስጠኑ። ቅርፊት፣ አስኳል፣ ሽል፣ ቄብ የሚሉትን ስሞች ልጁ ነገሩን በሚያይበት ቅጽበት ንገሩት። ያየው ነገር ስም ሲሰጠው አይረሳውም።

2. እንቁላሉን ሰብሮ ማየት

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ሥራ ይህ ነው፤ የሚያስፈልገውም ሁለት ወይም ሦስት ጥሬ እንቁላል፣ ነጭ ሳህን፣ የእጅ ባትሪ፣ የሞቀ ውሃና ኮምጣጤ ብቻ ነው። ጥሬ እንቁላልም ሆነ ዶሮ ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል፣ ልጁ ሥራው እስኪያልቅ እጁን ወደ አፉ እንዳይወስድ፣ ሲጨርስም በሳሙና እንዲታጠብ ከወዲሁ ተስማሙ።

መጀመሪያ እንቁላሉን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ በቀስታ ይግፋው። ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ሾጣጣውን ጫፍ ወደ ውስጥ አድርጎ ይዞራል። «ኳስ ቢሆን ኖሮ ከጎጆው ተንከባሎ የት ይደርስ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ለልጁ ተዉለት።

ቀጥሎ ክፍሉን አጨልሙና ባትሪውን ከእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ሥር አስጠግታችሁ አብሩት። ጫፉ ላይ ከሌላው ክፍል ይልቅ ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ ይታያል። ይህ የአየር ክፍሉ ነው። እንቁላሉ ከዶሮዋ ሲወጣ ሞቃት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ነገር ይኮማተርና በዚህ ጫፍ አየር ይገባል። ይህን ቦታ ልጁ እንዲያስታውሰው አድርጉ፤ በ20ኛው ቀን ዋጋው ይታወቃል።

አሁን እንቁላሉን ሳህኑ ላይ ስበሩት። ከአስኳሉ ግራና ቀኝ ሁለት የተጠማዘዙ ነጭ ክሮች ይታያሉ። ብዙ አዋቂዎች ሳይቀሩ የጫጩቷ መነሻ እነዚህ ይመስሏቸዋል፤ ሥራቸው ግን አስኳሉን መሐል ላይ ይዞ ማቆየት ነው። መነሻዋን ለማግኘት አስኳሉን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ላዩ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊሜትር የምትሰፋ ፈዛዛ ነጭ ነጥብ አለች። ካልታየች አስኳሉን በማንኪያ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ልጁ ራሱ እስኪያገኛት ታገሡ፤ እናንተ ካሳያችሁት ግማሹ ደስታ ይጠፋል።

ሲያገኛትም እንዲህ በሉት፦ «ጫጩት የምትጀምረው ከዚህች ነጥብ ነው። አስኳሉ ለጉዞዋ የተሰነቀላት ስንቅ ነው። ነጩ ደግሞ ውሃና ተጨማሪ ምግብ ይሰጣታል፤ እንቁላሉ ሲነካካም እንዳትጎዳ ይከላከልላታል።» አስኳሉ ጫጩት እንደማይሆን፣ የሚበላ ስንቅ እንደሆነ የገባው ልጅ የትምህርቱን ከባዱን ዳገት አልፏል።

ቅርፊቱን ለማስረዳት ሁለት ቀላል ሙከራዎች በቂ ናቸው። ሌላ ያልተሰበረ እንቁላል በሞቀ ውሃ ውስጥ ስታስቀምጡ ከላዩ ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ይወጣሉ። ቅርፊቱ በዓይን የማይለዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጫጩቷ አየር የምታገኘው በእነርሱ በኩል ነው። ሁለተኛው ሙከራ እንቁላሉን በኮምጣጤ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ማቆየት ነው። ቅርፊቱ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አረፋ እያወጣ ይሟሟል፤ በቀጭን ስስ ሽፋን የተያዘ ለስላሳ እንቁላል ይቀራል። ልጁ በጥንቃቄ ይዳስሰው፣ ከዚያም ይጣል እንጂ አይበላ።

3. «አውራ ዶሮ ለምን ያስፈልጋል?»

ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣም መሸሽ አያስፈልግም። ዶሮ አውራ ባይኖርም እንቁላል ትጥላለች። ጫጩት እንድትኖር ግን ከእናትም ከአባትም የሚመጣ ዘር ያስፈልጋል። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ ይበቃዋል፦ «እናትና አባት ያለው እንቁላል ጫጩት ሊሆን ይችላል፤ እናት ብቻ ያለው እንቁላል ሊሆን አይችልም።» ጥያቄውን ከቀጠለ እናንተም ቀጥሉ፤ ካልቀጠለ እዚያው ይቁም። ያልተጠየቀውን መዘርዘር ልጁን አይጠቅመውም።

አንዳንድ ልጆች «ቅርፊቱ ዝግ ሆኖ ሳለ የአባት ዘር እንዴት ገባ?» ብለው ይጠይቃሉ። ግሩም ጥያቄ ነው። አንድ እንቁላል በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ተሠርቶ ለመውጣት ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጅበታል። የአባት ዘር የሚገናኘው መጀመሪያ ላይ፣ አስኳሉ ገና ራቁቱን ሳለ ነው። ከዚያ ነጩ ይለብሳል፤ ቀጥሎም ስሱ ሽፋን። ቅርፊቱ መጨረሻ ላይ የሚሠራ ሲሆን ብቻውን 20 ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ሌላው ልጆችን የሚያስጨንቀው የሚበላው እንቁላል ነው። በተለይ ርኅሩኅ ልጅ ነገሩ ከገባው በኋላ እንቁላል አልበላም ሊል ይችላል። ከመደብር የሚገዛ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ አውራ ካልነበራቸው ዶሮዎች የመጣ መሆኑን ንገሩት። አውራ የነበረው እንቁላል እንኳ ሳይታቀፍና ሳይሞቅ ነጥቧ አታድግም። ይህ እውነት ስለሆነ ያለ ማመንታት ልትናገሩት ትችላላችሁ።

4. 21 ቀን መጠበቅ

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ የሚፈለፈሉትን ጫጩቶች ማን ያሳድጋል? ግማሽ ያህሉ ወንዶች እንደሚሆኑም አስቡ። አስተማማኝ መልስ ከሌላችሁ እንቁላል አታስፈልፍሉ። ትምህርቱ ያለ ሕያው ጫጩትም ይቻላል፤ ለሕይወት እንድንጠነቀቅ እያስተማርን ሕይወትን መጠጊያ ልናሳጣ አይገባም።

የምትታቀፍ ዶሮ ማግኘት ከተቻለ ከእርሷ የሚበልጥ አስተማሪ የለም። የምትጥላቸውን እንቁላሎች በየቀኑ ታጠራቅማለች እንጂ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አትታቀፍም፤ ለዚህም ነው የተለያየ ቀን የተጣሉ እንቁላሎች በአንድ ጊዜ ገደማ የሚፈለፈሉት። ከታቀፈች በኋላ ለመብላት፣ ለመጠጣትና ለመጸዳዳት ለአጭር ጊዜ ብቻ ትነሳለች። እንቁላሎቹን በምንቃሯ ታገላብጣለች። ልጁ ከሩቅ ሆኖ ይመልከት፤ ሲነኳት ትቆጣለች፤ ብዙ ከታወከችም ጎጆዋን ልትተው ትችላለች።

በማስፈልፈያ ማሽን ከሆነ ለም እንቁላል ያስፈልጋል፤ ከተጣለ ከሰባት ቀን ያልበለጠው ይመረጣል። ማራገቢያ ያለው ማሽን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይሁን። እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን 50 በመቶ ገደማ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 70 በመቶ ይሁን። እንቁላሎቹ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጣሉ፤ ካልተገላበጡ ሽሉ ከሽፋኑ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ልጁ በእያንዳንዱ እንቁላል አንድ ጎን ፀሐይ፣ በሌላው ጎን ጨረቃ በእርሳስ ይሳል። አንድ ጊዜ ፀሐይ ወደ ላይ፣ በሚቀጥለው ጨረቃ ወደ ላይ ሲሆን ማገላበጡ መረሳቱ ወዲያውኑ ይታወቃል። ከ18ኛው ቀን በኋላ ማገላበጡ ይቆማል።

ሁለቱም ካልተገኙ የየቀኑ ለውጥ የተሳለባቸውን 21 ወረቀቶች አዘጋጁና በየቀኑ አንዱን ብቻ ግለጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሳየት ፈተናችሁ ይሆናል፤ ግን ተቆጠቡ። የነገውን ዛሬ የሚያይ ልጅ ነገን አይጠብቅም።

በየትኛውም መንገድ 21 ሳጥኖች ያሉት የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ልጁ በየቀኑ አንዱን ሳጥን ያቅልም። ልትነግሩት የምትችሉት እነሆ። በ2ኛው ቀን መጨረሻ አካባቢ ልብ መምታት ይጀምራል። አርስቶትል ከ2,300 ዓመታት በፊት እንቁላል ከፍቶ አይቶ፣ በሦስተኛው ቀን ልቧ እንደ ደም ነጠብጣብ ስትመታ እንደምትታይ ጽፏል፤ ልጁም በትልቅ ፈላስፋ መንገድ እየሄደ መሆኑን ቢሰማ ደስ ይለዋል። በ3ኛው ቀን ክንፍና እግር የሚሆኑት ጥቃቅን እብጠቶች ብቅ ይላሉ። በ5ኛው ቀን ጠቆር ያለ ዓይን ይታያል። በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ ምንቃሩ ቅርጽ ይይዛል፤ በጫፉም ላይ ቅርፊት የሚሰብር ትንሽ ጠንካራ ጉጥ ይበቅላል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሰውነቷ በለስላሳ ጠጉር ተሸፍኗል።

በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ክፍሉን አጨልማችሁ እንቁላሉን እንደገና በባትሪ እዩት። በ7ኛው ቀን ከአንድ ጥቁር ነጥብ ተነሥተው የሚበተኑ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ፤ ሽሉም ሲንቀሳቀስ ሊታይ ይችላል። በ14ኛው ቀን አብዛኛው ክፍል ጨልሟል፤ የአየር ክፍሉ ግን ሰፍቷል፤ በቀዳዳዎቹ በኩል ውሃ ቀስ በቀስ ስለሚተን ነው። የአየር ክፍሉን ጠርዝ በእርሳስ ምልክት ብታደርጉበት ልጁ ልዩነቱን በራሱ ይለካል። ምርመራው አጭር ይሁን፤ እንቁላሉ እንዳይቀዘቅዝ ወዲያው ወደ ሙቀቱ ይመለስ።

5. የመፈልፈያው ቀን

በ20ኛው ቀን ገደማ ጫጩቷ ስሱን ሽፋን በምንቃሯ ትበሳና ወደ አየር ክፍሉ ትገባለች። የመጀመሪያ እስትንፋሷን የምትስበው በዚያ ነው። ጆሮን ቀረብ ላደረገ ልጅ ከተዘጋው እንቁላል ውስጥ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እናቲቱም ካለች በቀስታ ድምፅ ትመልስላታለች። በእነዚሁ ቀናት የቀረው አስኳል ወደ ሆዷ ይገባል። ስንቁ ሳያልቅ ትወጣለች ማለት ነው፤ ከተፈለፈለች በኋላ ሁለት ቀን ያህል ሳትበላ መቆየት የምትችለውም በዚህ ነው።

ቅርፊቱ መጀመሪያ ከተሰነጠቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስክትወጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብላ ታርፋለች። ልጁም እናንተም «እንርዳት» ትላላችሁ። አትርዷት። በሽፋኑ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ገና ደም ይዘው ከሆነ ስትላጥ ትደማለች፤ አስኳሉም ገና ተጠቃልሎ ካልገባ ትጎዳለች። ለልጁ «እያረፈች ነው፤ ሥራ ላይ ናት» በሉት። የማሽኑን ክዳንም በየደቂቃው አትክፈቱ፤ እርጥበቱ ከወጣ ሽፋኑ ደርቆ ይይዛታል።

ስትወጣ ርጥብና ደካማ ስለሆነች ልጁ ታማለች ብሎ ሊፈራ ይችላል፤ አስቀድማችሁ ንገሩት። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ትደርቅና ጠጉሯ ይነፋል።

የማይፈለፈል እንቁላል ሊኖር ይችላል። ልጁ ሳያይ አንስታችሁ አትደብቁት። «አንዳንዱ ሽል ማደጉን ያቆማል፤ አንዳንዱም ከመጀመሪያው ዘር አልነበረውም። እኛ ያጠፋነው ነገር የለም» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። ጫጩት ከሞተች ደግሞ «ተኛች» አትበሉት፤ ከዚያ በኋላ መተኛት የሚፈራ ልጅ ሊኖራችሁ ይችላል። ሞተች በሉት፤ ማልቀስ ከፈለገም አብራችሁት ሁኑ።

6. ከጫጩት እስከ ቄብ

ጫጩት በራሷ ሙቀት መኖር አትችልም። እናት ካለች ከክንፏ ሥር ትገባለች፤ ከሌለች በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋታል፤ ይህም በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ልጁ ጫጩቶቹ ራሳቸው የሚናገሩትን እንዲያነብ አስተምሩት፤ ሙቀቱ ሥር ተደራርበው ከተጠጋጉ በርዷቸዋል፤ ሸሽተው ዳር ከያዙ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው ሲበሉና ሲተኙ ደኅና ናቸው።

ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጫጩት ባይዝ ይመረጣል፤ እያየ ይማር። ከፍ ያለው ልጅ መሬት ተቀምጦ በሁለት እጁ ይያዛት፣ አይሳማት፣ ወዲያው ይታጠብ።

በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ልጁ አንዷን ጫጩት ይሳላት፤ ሚዛን ካላችሁም ይመዝናት። በመጀመሪያው ሳምንት የክንፍ ላባዎች ሲወጡ ያያል። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ለስላሳው ጠጉር በላባ ይተካል። በዚህ መሐል ያለችው ጫጩት ግማሽ ጠጉር ግማሽ ላባ ሆና የማታምር ናት፤ መጻሕፍት ይህችን ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ይዘሏታል፤ እናንተ ግን አትዝለሏት። ለውጥ ሳይጠናቀቅ ምን እንደሚመስል የምታሳየው እርሷ ናት።

ቀስ በቀስ ወንዱና ሴቷ ይለያሉ። በወንዱ ጭንቅላት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ቶሎ ያድጋል፤ ጅራቱ ይረዝማል፤ ለመጮህም መሞከር ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ጩኸቱ የተሰባበረ ነው። ሴቷ ቄብ ትባላለች። ብዙ ዝርያዎች ከ18 እስከ 24 ሳምንት ባለው ጊዜ የመጀመሪያ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ አንዳንዶቹ ይዘገያሉ። ያ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። ልጁ ከትልቅ ዶሮ እንቁላል ጎን አስቀምጦ ያወዳድረው።

7. ክቡን መሳል

አሁን ልጁ እስካሁን የሳላቸውን ወረቀቶች ወለል ላይ አውጥታችሁ እንዲደረድራቸው ንገሩት። በመስመር ይደረድራቸዋል፤ ይደርድር። መጨረሻው ላይ ሲደርስ «ቄቧ እንቁላል ጣለች፤ ይህን እንቁላል የት እናስቀምጠው?» ብላችሁ ጠይቁት። መስመሩን አጥፎ ክብ የሚያደርገው እርሱ ራሱ መሆን አለበት። ክቡ አንድ ዶሮ ተመልሳ እንቁላል የምትሆን እንዳያስመስለው ግን ተጠንቀቁ። ዶሮዋ ትኖራለች፣ በየዓመቱ ላባዋን ትለውጣለች፣ ታረጃለች፤ በደንብ ከተያዘች ከ5 እስከ 10 ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ ከዚያም ትሞታለች። ክቡን የሚያስቀጥሉት ልጆቿ ናቸው። ሴት ጫጩት ስትፈለፈል የወደፊት እንቁላሎቿ መነሻ የሆኑት ጥቃቅን ዘሮች በውስጧ እንዳሉ መንገርም እዚህ ላይ ያምራል።

የሚበላው የዶሮ ሥጋ ከዚህችው ዶሮ እንደሚመጣ ልጁ ከጠየቀ እውነቱን ንገሩት። «እንቁላል ይቀድማል ወይስ ዶሮ?» ካለም መልስ አለ፤ ዶሮ በምድር ላይ ከመኖሯ እጅግ አስቀድሞ ዓሦችና በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳት እንቁላል ይጥሉ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሌላ ወፍ ምረጡ። የዳክዬ እንቁላል ለመፈልፈል 28 ቀን ገደማ ይወስዳል፤ የሰጎን ደግሞ 42 ቀን ገደማ፤ የእርግብ ግን 18 ቀን ገደማ። ሦስቱን ቁጥሮች ሳትነግሩት የእንቁላሎቹን መጠን ብቻ አሳዩትና የትኛው ቀድሞ እንደሚፈለፈል ይገምት፤ ለምን እንደዚያ እንዳሰበም ይንገራችሁ።